መቀነስን የማያውቅ ቅጽ

ቅጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የመጣውን ነገር በሌላ ሰው ማሳበብ ቀላል ነበር፣ ልሞክረውም ዳድቶኝ ያውቃል። ጦርነቱ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ወረዳዎች የዓመት ዕቅዳቸውን የሚልኩልን በወረቀት ነበር፣ ያውም የተዝረከረከ ወረቀት። አንዱ ዜሮ ይዘላል፣ ሌላው የከብቱን ቁጥር የሰው ቦታ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ የሚሞላ ቅጽ አዘጋጀሁ። በአንዱ ሳጥን የአምናው ቁጥር ይገባል፣ በጎኑ የዘንድሮው። የዘንድሮው ከአምናው ካነሰ ሳጥኑ ቀይ ይሆንና «ስህተት፤ ያርሙ» ይላል። ካላነሰ አረንጓዴ ነው። ቃሉን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። አለቆቼ ወደዱት፣ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ፣ እኔም ኮራሁ። ሰው፣ ከብት፣ ተማሪ፣ የታረሰ መሬት፣ ሁሉም ከዓመት ዓመት ይጨምራል ብለን ነበር የምናስበው። ሁሉም በአንድ ላይ የሚያንስበት ዓመት ይመጣል የሚል ሐሳብ በአእምሮዬ ሽው ብሎ አያውቅም።

ዕቅድ እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ዓመቱ ሲያልቅ የዕቅድ ባለሙያዎች ለሦስት ቀን በር ዘግተው ይቀመጣሉ። የአምናውን ሰነድ ይከፍታሉ፣ ዓመተ ምሕረቱን ይቀይራሉ፣ በየቁጥሩ ላይ «የተለመደውን ዕድገት» ይጨምሩና ያትማሉ። ክፋት የለበትም፣ ስንፍናም ብቻ አይደለም። አለቃው ዕድገት ይፈልጋል፣ ቅጹ ዕድገት ይፈልጋል፣ ባለሙያው ደግሞ በጊዜ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። እኔ ራሴ ይህን «ከመነሻ ተነሥቶ ማቀድ» በሚል ርዕስ ለስንቱ አስተምሬአለሁ። ከብዛቱ የተነሳ እጄ እኔን ሳያስፈቅድ መሥራት ለምዶ ነበር።

ጦርነቱ ቆመ ተባለ። በሰሜን ያሉ ወረዳዎች ግን መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር አልቀረላቸውም። ኮምፒውተሩ ተወስዷል፣ ሰነዱ ተቃጥሏል፣ የበርና የመስኮቱ ፍሬም ሳይቀር ተነቅሏል። ከሠራተኞቹ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ ተሰዷል። መንግሥት ለማን ምን ያህል ዘር እንደሚልክ እንኳ የሚጠይቀው ሰው አጣ። ስለዚህ የቀሩትንና አዲስ የተመደቡትን የዕቅድ ኃላፊዎች ለሁለት ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ጠራን። ሥልጠናው መካኒሳ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ ኪራይ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ግድግዳው ላይ የኢኮኖሚ አመራር አቅምን መልሶ ስለ መገንባት የሚያወራ ረጅም ባነር ተሰቀለ። አንደኛው ጥግ ስላልተወጠረ «መገንባት» የሚለው ቃል ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደተጣጠፈ ኖረ። ወንበር ላይ ወጥቶ የሚያስተካክለው ሰው አልተገኘም፤ እኔም አላስተካከልኩትም።

አሠልጣኝ የሆንኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። አለቃዬ፣ ከኮሌጅ ጀምሮ የማውቀው ሰው ነው፣ «አንቺ ላፍቶ ነሽ፣ መካኒሳ ቅርብሽ ነው» አለኝ፤ በቃ። ሠልጣኞቹ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ፔንሲዮን ተይዞላቸው ጠዋት ጠዋት በአንድ አሮጌ አውቶቡስ ይመጣሉ። እኔ ከኮንዶሚኒየሜ ወርጄ ታክሲ እይዛለሁ።

ያኔ ደንዝዤ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። በጦርነቱ ጊዜ ሰሜን ያለችው እህቴ ስልኳ ከአንድ ዓመት በላይ አልሠራም። በየቀኑ እደውል ነበር። ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ሴትዮ ድምፅ በሕልሜ እስኪመጣ ድረስ ደወልኩ። አንድ ቀን እህቴ ራሷ ደወለችና «አለን» አለችኝ። እልል ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን «እሺ፣ ተመስገን» አልኩና ምስሩን ማማሰሌን ቀጠልኩ። በቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ልብስ ስታጥቢ ጣትሽ የራስሽ አልመስል እንደሚልሽ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚነግሩኝን ሁሉ እሰማለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ የሚጻፍ ከሆነ እጽፋለሁ። ሠልጣኞቹ ሻይ ላይ የሚያወሩት ነገር ድንጋይ የሚያስለቅስ ነበር። እኔ ግን ሻዩ ስኳር እንደበዛበት አስተውላለሁ።

ከሠልጣኞቹ አንዱ በሁለተኛው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትከሻው ላይ የተንጠለጠለ፣ የሌላ ሰው መሆኑ የሚያስታውቅ ሰፊ ኮት ይለብሳል። አስተማሪ ነበር። የወረዳው የዕቅድ ኃላፊ ሲሞቱ «ሒሳብ ታውቃለህ» ብለው መደቡት። እጁ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰማያዊ ወፍራም ደብተር አለ፣ በላስቲክ የተለበደ። ሌሎቹ ፍላሽ ይዘው ነው የመጡት።

በሦስተኛው ቀን ቅጹን መሙላት ጀመርን። አዳራሹ ዝም ብሎ የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ ብቻ ሲሰማ ቆየና እሱ እጁን አነሣ።

«መምህር፣ ቀይ ሆነብኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሄጄ አየሁ። አንድ ሳጥን አይደለም፣ ገጹ ሙሉ ቀይ ነው፣ ከላይ እስከ ታች «ስህተት፤ ያርሙ» ብቻ።

«የአምናውንና የዘንድሮውን አቀያይረህ ይሆናል» አልኩት።

«አላቀያየርኩም።»

«ታዲያ ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?»

ደብተሩን ከፈተልኝ። «የድሮው ሰነድ ስለተቃጠለ የት እንደምጀምር አላወቅሁም። ሁሉን ቤት መቁጠር አልችልም። ከየቀበሌው አንድ አንድ ጎጥ መርጬ በእግሬ ዞርኩ። በየቤቱ ‹ከጦርነቱ በፊት ስንት ነበራችሁ፣ አሁን ስንት ናችሁ› እያልኩ ጻፍኩ። ከብቱንም እንዲሁ።»

«ማነው ይህን አድርግ ያለህ?»

«ማንም አላለኝም።»

ከኋላ አንዱ «ወንድሜ፣ የተለመደውን ጨምርበትና እለፍ! ምሳ ደርሷል» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ የሌሎቹን ገጾች አየሁ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ በሌለው ወረዳ ተማሪው ጨምሯል። ብዙዎቹ ድሮ ለእኛ ልከውት የነበረውን የቆየ ዕቅድ ከእኛው ቢሮ ተቀብለው እንዳለ ገልብጠዋል። የሚገርመው አልዋሹም። እንዳስተማርናቸው ሠሩ እንጂ። እኔም ይህን እያየሁ «ጎበዞች» አልኩና ወደ ምሳ ሄድን።

ምሳ ላይ እሱ እንደ ሁልጊዜው አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ አይበላም ነበር። ይህ ቅጽ ለምን እንደሚያገለግል ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ዘር፣ የእርሻ በሬና ተጨማሪ ሠራተኛ ከሰኔ በፊት የሚላክላቸው ወረዳዎች የሚመረጡት ከዚህ ነው። ሹካውን አስቀመጠ። «የኛ ሰው ያለፈውን ክረምት መሬቱን ጦሙን አሳድሮታል። የዘንድሮው ክረምትም ካመለጠው ቀዬውን ጥሎ ይሄዳል፤ ያኔ የምቆጥረው ሰውም አይኖርም» አለኝ። ምንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔም «አይዞህ» አልኩት። «አይዞህ» ማለት ለእኔ ያኔ ምንም ወጪ የሌለው ቃል ነበር።

በመጨረሻው ዓርብ ጠዋት አለቃዬ ደወለልኝ። «ቀይ ያለበት ቅጽ ሲስተሙ አይቀበልም። ዛሬ ያላስገባ ወረዳ ደግሞ ወጥቷል ማለት ነው፤ አስጠንቅቂያቸው» አለኝ። ያ አስተማሪ ግን ሳይቀይር፣ ቀዩን እንደ ቀላ በፍላሽ ሰጠኝ። ከሰርተፍኬት በኋላ ሁሉም ፎቶ ሲነሣ እሱ ወደ እኔ መጣና ደብተሩን ዘረጋልኝ።

«መምህር፣ ይሄ እዚህ ይቀመጥልኝ።»

«ምን ያደርግልኛል? የራስህ ነው።»

«እኛ ጋ መዝገብ ቤቱ በር የለውም። እዚህ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ፤ ያኔ አይጠፋም።»

ተቀበልኩት። «ቅጹስ? ያልፋል?» አለኝ። «ያልፋል» አልኩት። የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተኝና ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቀዩን ሁሉ አረንጓዴ አደረግሁት። እሱ የቆጠረውን አጥፍቼ የቆየውን ቁጥር ከእኛው ፋይል አመጣሁና በላዩ ላይ የተለመደውን ዕድገት ጨመርኩበት። ሰው ጨመረ፣ ከብት ጨመረ፣ የታረሰ መሬት ጨመረ። ያንኑ የቆየውን ቁጥር ደግሜ ብጽፍ እንኳ ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆን ነበር። እጄ ግን ዕድገት መጨመር ስለለመደ ጨመረ። ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ድረስ እንኳ አልቆየም ሥራው። ላክሁት። በተንኮል አይደለም፤ በጎ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር፣ ወረዳው ከጨዋታ እንዳይወጣ። ከዚያ ታክሲ ይዤ ላፍቶ ወረድኩ፣ ቲማቲም ገዛሁ፣ ደብተሩን ፍሪጁ ላይ ጣል አደረግሁት። መዝገብ ቤታችን ሸኚ ደብዳቤ የሌለውን ነገር አይቀበልም፤ ደብዳቤውን ሰኞ እጽፋለሁ አልኩ። ስንት ሰኞ አለፈ።

ከብሎካችን ጀርባ ትንሽ ግቢ ያላቸው አንድ አዛውንት አሉ፣ ወተት የሚያመጡልኝ። እኛ የምንኖርበት ሕንፃ የቆመው ድሮ እሳቸው ስንዴ የሚዘሩበት መሬት ላይ ነው። አሁን አራት ላሞች ብቻ ቀርተዋቸዋል። ጠዋት በር ላይ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ፣ ይሉኛል፣ እኔ «ነጋ»፣ ደህና፣ እላለሁ፤ የማውቀው ኦሮምኛ ከዚያ ብዙ አያልፍም። ሰኔ እንደገባ አንድ ጠዋት ወተቱን እየቀዱልኝ ሰማዩን አዩ።

«ጥሩ ዝናብ ነው ዘንድሮ። እናንተ አገርስ ዘር ወረደ እንዴ፣ ልጄ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ አባባ፣ በምን አውቃለሁ?»

«አይ! መንግሥት ቤት አይደል እንዴ የምትሠሪው? ያንን ካላወቅሽ ምን ልትሠሪ ነው ጠዋት ጠዋት የምትሄጂው?» ብለው ሳቁብኝ። እሳቸው መሬት ባይኖራቸውም ዝናብ ሲጥል ስለ ዘር መጠየቅ አልተዉም።

በዚያው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ያ አስተማሪ ነው። እህቴን እንኳ ያልጠየቅሁትን ያህል ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ከዚያ «መምህር፣ ዝርዝሩ ወጣ፤ የኛ ወረዳ የለበትም» አለኝ።

«እንዴት የለበትም?»

«‹በራሳቸው ያገገሙ› በሚለው ውስጥ ነው ያለነው። ጎረቤት ወረዳዎች ዘር ደርሷቸዋል፣ በሬም ተሰጥቷቸዋል። ሰዉ እኔ ጋ እየመጣ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጨነቀኝ።» ቀጥሎ «ምን አጥፍቼ ይሆን? የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» አለኝ።

ወዲያው ገባኝ። አንድ ቃል ሳይጨምር ገባኝ። «ላጣራና እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።  ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ስልኬ ቻርጅ ሊያልቅበት ነው የሚል ነው።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ዝርዝሩ እንዴት እንደወጣ ጠየቅሁት። ቀላል ነበር፤ ዕድገታቸው ዝቅ ያለ ወረዳዎች ተመርጠዋል። ብዙዎቹ ሠልጣኞች ሰንፈው የቆየውን ቁጥር እንዳለ ደግመው ስለ ጻፉ «ምንም ያላደጉ» ተብለው ገቡ። እኔ በራሴ እጅ ያሳደግሁት ወረዳ ከላይ ተቀመጠ። ሰንፈው የገለበጡት ዘር አገኙ፤ በእግሩ ዞሮ የቆጠረው ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አልኩት።

በሩን ሄዶ ዘጋ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ?»

«ሲስተሙ ቀይ አይቀበልም ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ታዲያ ቀይሪው አልኩሽ?» አለና ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያስብልኛል፣ ከልቡ ነው የሚመክረኝ። «ስሚኝ፤ ዝርዝሩ ይከፈት ካልሽ ቁጥሩን ማን ቀየረ፣ ለምን ቀየረ የሚል የተፈረመበት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ለጡረታሽ ጥቂት ነው የቀረሽ። ሠልጣኙ ተሳስቶ ነው ብለሽ ጻፊ። አዲስ ሰው ነው፣ ከገጠር የመጣ ነው፣ ማንም አይፈርድበትም። ወረዳውም ይስተካከልለታል፣ አንቺም ትድኛለሽ።»

እውነት ለመናገር ሐሳቡ ደስ አለኝ። ማንም አይጎዳም። እሱ ራሱ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት» ብሎ ጠይቆኝ የለም? ግማሹን ጥፋት በራሱ ላይ አስቀምጦታል፤ እኔ የቀረውን ብጨምርበት አያውቀውም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ወተቱን ለማፍላት ፍሪጁን ስከፍት ደብተሩ እላዬ ላይ ወደቀ። ላስቲኩ አቧራ ጠጥቷል። ወተቱን ምድጃ ላይ ጥጄ ቆሜ ከፈትኩት፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከፍቼው አላውቅም ነበር። የአስተማሪ ጽሕፈት ነው፣ ፊደሉ የተስተካከለ፣ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ። ስም የለበትም። በየገጹ ተራ ቁጥር፣ «በፊት»፣ «አሁን»፣ አለቀ። በየጎጡ መጨረሻ ላይ የሽማግሌ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ አለ፤ አንዳንዱ አሻራ ሰፊ ነው፣ የገበሬ ጣት። «በፊት አምስት፣ አሁን አራት። በፊት ሰባት፣ አሁን ሦስት። በፊት አራት፣ አሁን በሩ ዝግ።» ወተቱ ገነፈለ፤ ምድጃውን አጥፍቼ ማንበቤን ቀጠልኩ። ያን ቀን የተሰማኝ ነገር ሐዘን አይደለም። ንዴት ነበር፣ በራሴ ላይ። ይህ ሰው ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያስተምረው፣ እኔ ሃያ ምናምን ዓመት በሙያዬ ያልሠራሁትን ሥራ ሠርቶ ነው ያመጣልኝ። እኔ ደግሞ ቲማቲም ልገዛ ስለቸኮልኩ አጠፋሁት። አሁን ደግሞ ስሙን ላጠፋ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ሦስት መስመር ነው፦ ቅጹን የሞላው ባለሙያ ትክክለኛውን ቁጥር አቅርቧል፤ ከቀረበ በኋላ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ትክክለኛው ቁጥር ያለበት ደብተር በአባሪነት ተያይዟል። አለቃዬ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «ድፍት ያድርግሽ» አለኝና ፈረመበት። መዝገብ ቤት ወሰድኩት። ደብተሩ ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩን በሽፋኑ ላይ ሲጽፉበት ቆሜ ጠበቅሁ።

ውጤቱን አሁኑኑ ልናገር። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከሥልጠናም ታገድኩ። ያ ብዙም አልጎዳኝም። ወረዳው በሁለተኛው ዙር ገባ። ማሽላው አመለጠ፤ ማሽላ ቀደም ብሎ ካልተዘራ አይሆንም። የጤፍ ዘር ግን በሐምሌ ደረሰ። ለሁሉም አልበቃም፤ ስንቱ ዘርቶ ስንቱ ጥሎ እንደሄደ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ በሬው ደርሶ እንደሆነ ስጠይቅ «የተወሰነው» ይለኛል።

ደብዳቤው ብቻውን ግን አልበቃም ነበር። የላይኞቹ የደብተሩን ቁጥር በቅጹ ላይ ተሞልቶ ማየት ፈለጉ፣ እያንዳንዱ ቤት ተዘርዝሮ። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ ቢሮ ገብቼ ብቻዬን አስገባሁት። ሕንፃው ጭር ያለ ነው፤ ከታች የጥበቃው ሬዲዮ ብቻ ይሰማል፣ ውጭ ዝናቡ ያስገመግማል። በየቤቱ ቁጥር ስጽፍ ሳጥኑ ይቀላል። ደንቡን ማንሳት እችል ነበር፤ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ መክፈቻው እኔ ጋ ነው። ግን ተውኩት፤ እንደ ቀላ ይታይ አልኩ። ከጥቂት ገጽ በኋላ ቀዩን ማየት ለመድኩት፣ ድንዛዜዬም ተመለሰ፤ በፊት ስድስት አሁን አምስት፣ በፊት ሦስት አሁን ሁለት፣ እንደ ጽሕፈት መሣሪያ መታሁት።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። የመጨረሻው ጎጥ፣ የመጨረሻው መስመር። «በፊት» የሚለው ስድስት ነው። «አሁን» የሚለው ቦታ ላይ ግን ቀለሙ ተፍቆ ነበር። ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና የተጻፈ ይመስላል። አንድም ሊሆን ይችላል፣ አራትም። በግምት ልጽፍ አልኩና እጄን አነሣሁ። ግምት ይብቃኝ ብዬ ደወልኩለት።

ውጭ ነበር፣ የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ጤናዬን ጠየቀኝ፤ እኔም አሳጠርኩና «አንዲት ነገር ላረጋግጥ ነው። የመጨረሻው ገጽ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት፤ በፊት ስድስት ይላል፣ አሁን የሚለው አይነበብም። ስንት ነው?» አልኩት።

 የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አንድ ነው፣ መምህር።»

«እርግጠኛ ነህ? የተሰረዘ ነገር አለበት፤ የተሳሳትክ እንዳይሆን።»

«አልተሳሳትኩም» አለኝ፣ ያኔ አዳራሹ ውስጥ እንዳለው አድርጎ። «የኔ ቤት ነው። ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ።»

ሁለት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ ምሳ በልቷል። አንድ ቀን እንኳ «ቤተሰብ አለህ ወይ» ብዬ አልጠየቅሁትም። እኔ በዚያ ዓርብ ከሰዓት፣ በአንዲት ሻይ ጊዜ፣ ያንን ቤት ከስድስት ከፍ አድርጌው ነበር።

አንድ ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኑ ቀላ፤ «ስህተት፤ ያርሙ» አለኝ፣ እኔው በመረጥኩት ቃል። ከስንት ዓመት በኋላ ዓይኔ ሞላ፤ ስክሪኑ አልታይ አለኝ፣ በእጄ ጀርባ ጠረግሁት፣ ተመልሶ ሞላ። እሱ ስልኩን አልዘጋም ነበር።

«አለፈ፣ መምህር?» አለኝ።

«አላለፈም» አልኩት። «ቀይ ነው። እንዲህ እንደ ቀላ ይቀመጣል።»

«እሺ» አለኝ። «እንደዚያ ከሆነ ልክ ነው።»